የወንጀልና የፍቅር ልብወለድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲጠና፦ ለጎንደር ጠያቂዎች

የወንጀል፣ የስለላና የፍቅር ልብወለድ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እንዴት ይጠናል ብላችሁ ከጎንደር የላካችሁልኝ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ደጋግመው የመጡትን ልመልስ። ዘርፉን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ስለዚህ አንዳንዱ መልስ ይረዝማል።

ጥያቄ (ከማራኪ ግቢ)፦ መምህር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በወንጀል ልብወለድ ላይ ልሠራ ነው ስላቸው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ይሄ ጥናት ይባላል?

መልስ፦ አዎ፣ ይባላል። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ጽቬታን ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ወንጀል ልብወለድ የጻፈው መጣጥፍ ዛሬም በትረካ ጥናት ይጠቀሳል። ሐሳቡ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሁለት ታሪክ ይይዛል። አንዱ የወንጀሉ ታሪክ ነው፤ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት አልቋል። ሌላው የምርመራው ታሪክ ነው፤ የምናነበው እሱን ነው። ይህን ይዘህ የኛን አገር የወንጀል ልብወለድ ደራሲ የይልማ ሀብተየስን መጻሕፍት ክፈት። ሁለቱ ታሪኮች የት ላይ ይገናኛሉ? ደራሲው ፍንጩን የሚሸሽገው እንዴት ነው? መርማሪውስ ድሃውንና ባለሥልጣኑን የሚያናግረው በአንድ ዓይነት አንደበት ነው? ከዚህ ብቻ አንድ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ንድፈ ሐሳብ ልጠቀም?

መልስ፦ መጽሐፉን መጀመሪያ ደጋግመህ አንብብ። ንድፈ ሐሳቡ ይደርሳል።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት)፦ ሴት ተማሪዎቼ የፍቅር ልብወለድ ከእጃቸው አይጠፋም። ጊዜ ማባከን አይሆንባቸውም?

መልስ፦ መምህርት፣ ከመፍረድዎ በፊት ይጠይቋቸው። አሜሪካዊቷ ጃኒስ ራድዌይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ጥናት የፍቅር ልብወለድ የሚያዘወትሩ የአንድ ከተማ ሴቶችን ለምን እንደሚያነቡ ጠየቀቻቸው። ከታሪኩ እኩል ማንበቡ ራሱ ትልቅ ቦታ ነበረው። መጽሐፍ ይዘው ሲቀመጡ ባልም ልጅም ለጊዜው አይደርስባቸውም፤ ያቺ ሰዓት የራሳቸው ናት። ራድዌይ ግን በዚህ አላቆመችም። ያቺ ሰዓት ኑሯቸውን እንዲለውጡ ታነሳሳቸዋለች ወይስ እንዲችሉት ብቻ ታደርጋቸዋለች ብላ አጥብቃ ጠይቃለች። የእርስዎ ተማሪዎች መቼ ያነባሉ? በስልክ ነው በወረቀት? ማን ያውሳቸዋል? የትኛውን ገጽ ይዘሉታል? መልሱን በማስታወሻ ቢይዙት ለማስተርስ ጥናት የሚሆን ነገር ያገኛሉ።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ)፦ ልጄ፣ ተማሪዎች እየመጡ ቀጫጭኖቹን የድሮ የስለላ መጻሕፍት ይጠይቁኛል። ለምን ይሆናሉ?

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ ለመጠቅለያ እንዳይሰጧቸው። ሽፋኑ፣ ዋጋው፣ የማተሚያ ቤቱ ስም፣ ውስጡ የተጻፈው የባለቤቱ ፊርማ ሁሉ ለአጥኚ መረጃ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ በኦኒቻ ገበያ በርካሽ ይሸጡ የነበሩ ትናንሽ መጻሕፍት እንደ ተራ ነገር ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ኢማኑኤል ኦቢቺና መጽሐፍ ጻፈባቸው፤ ዛሬ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ያለ እነሱ አይሟላም።

ጥያቄ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰፊው ሕዝብ የሚወደው ነው ወይስ የምሁር መጽሐፍ?

መልስ፦ ሁለቱንም ነው። በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ገጹን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰማው። ሕዝብ ስለወደደው ጥበቡ አልቀነሰም።

ጥያቄ፦ ከቅኔ ቤት ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ነኝ። የተማርኩት ለዚህ ጥናት ይጠቅመኛል?

መልስ፦ በጣም እንጂ! ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። «ዘውጋዊ ልብወለድ (እንደ ወንጀል፣ ስለላና ፍቅር ያለው፣ የታወቀ ቅርጽ ይዞ የሚጻፈው) ሁሌ አንድ ዓይነት ነው» የሚለውን ነቀፋ ካንተ በተሻለ የሚመልሰው የለም። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት። ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ግን የሌላውን ቅኔ ደግሞ ያመጣ ተማሪ አይመሰገንም፤ በዚያው ልክ ውስጥ አዲስ ምስጢር ይጠበቅበታል። የወንጀል ልብወለድ ደራሲም ሬሳ፣ ተጠርጣሪና መርማሪ ተሰጥቶት ነው የሚጀምረው። አንባቢው መንገዱን ያውቀዋል፤ የሚጓጓው በዚያ መንገድ ምን አዲስ ነገር እንደሚያሳየው ነው። አንተ በልኩና በምስጢሩ መካከል ያለውን ትግል በየቀኑ ኖረህበታል። አማካሪህ ፊት ስትቀርብ በዚህ ጀምር፤ የውጭ አገር ንድፈ ሐሳብ ከኋላ ይከተልህ።

ጥያቄ፦ ተመርቄስ ምን እሠራለሁ?

መልስ፦ «ወንጀል ልብወለድ ያጠና ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታይም። ግን ተከታታይ ድራማ የሚጽፍ፣ መጽሐፍ የሚያርም፣ የሬዲዮ ትረካ የሚያዘጋጅ ሰው ይህ እውቀት ያስፈልገዋል። ከመመረቅህ በፊት አንድ አጭር የወንጀል ታሪክ ጻፍ። ለዶርም ጓደኞችህ አስነብባቸውና ገዳዩን በስንተኛው ገጽ ላይ እንዳወቁት ጠይቃቸው።