ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ ሳታውቁ ብር አታውጡ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። የመኪና ኪራይና የጉዞ አገልግሎት አለው፣ ዌብሳይትም ከፍቷል። "ጋሼ፣ 300 ዶላር ክፈልና በአንድ ወር ጉግል ላይ አንደኛ እናደርግሃለን የሚሉ ሰዎች አግኝቻለሁ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?" አለኝ። ይቅርብህ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ባሕር ዳር ተቀምጬ ዌብሳይት መሥራት ከጀመርኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ የቀረ ወጣት የለም ማለት ይቻላል። ለእሱ በስልክ ያልጨረስኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

መጀመሪያ ዋስትና ስለሚባለው ነገር። ጉግል ራሱ ለዌብሳይት ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይ፣ አንደኛ አደርጋለሁ ብሎ ዋስትና መስጠት የሚችል ማንም የለም ይላል። የኤስኢኦ ሥራ፣ ማለትም ዌብሳይትን ፍለጋ ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የማድረግ ሥራ፣ ውጤቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚወስድም እዚያው ጽፏል። ባለቤቱ እንዲህ እያለ "በአንድ ወር" የሚላችሁን ደላላ አትመኑት። ብራችሁን ከተቀበለ በኋላ የድርጅታችሁን ሙሉ ስም ከነከተማው ጽፎ፣ አንደኛ የወጣችሁበትን ስክሪንሾት ይልክላችኋል። በራሳችሁ ስምማ ሳትከፍሉም ትወጣላችሁ። ቁም ነገሩ ስማችሁን የማያውቅ ሰው ሲፈልግ መገኘታችሁ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ከፍያለሁ። በ2003 ዓ.ም. ጣና ዳር ላለ አንድ ሆቴል ዌብሳይት ሠርቼ ነበር፣ ባለቤቱም ቶሎ ከፍ እንዲልለት ፈለገ። ከውጭ አገር የሊንክ ጥቅል የሚሸጥ አገልግሎት አገኘሁና በሆቴሉ ብር ገዛሁ። ሊንክ ማለት ሲጫኑት ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ማያያዣ ነው፤ ለምን እንደሚሸጥ ለማታውቁ ላስረዳ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ሲመሠርቱ ዋናው ሐሳባቸው አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ካደረገ እንደ ምስክርነት ይቆጠርለታል የሚል ነበር። ብዙና የታመነ ምስክር ያለው ገጽ ከፍ ይላል። እኔ የገዛሁት ታዲያ የሐሰት ምስክር ነበር። ለጥቂት ወራት ሆቴሉ ከፍ ብሎ ታየ፣ ሁላችንም ደስ አለን። በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጉግል ፔንግዊን የሚባለውን ማስተካከያ ለቀቀ፣ የተገዛ ሊንክ ያለባቸው ሳይቶች በየአገሩ ወደ ታች ወረዱ፣ የእኛም ሆቴል አብሮ ጠፋ። ባለቤቱ ቢሮዬ መጥተው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው "ስማችን የት ሄደ?" ያሉኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። የሊንኮቹን ዝርዝር ባወጣው የቁማር ቤት፣ የመድኃኒት መሸጫ፣ ከኢትዮጵያም ከሆቴልም ጋር የማይገናኝ ነገር ሁሉ ነው። በየጊዜው ኢሜይል እየጻፍኩ አንሱልኝ ስል ከረምኩ። ጉግል "እነዚህን ሊንኮች አትቁጠርብኝ" ብሎ ማስመዝገቢያ መሣሪያ ያወጣው እንኳ በ2005 ጥቅምት ነው። የከፈሉትን መለስኩላቸው፣ የጠፋውን የእንግዳ ወቅት ግን መመለስ አልቻልኩም።

ስለዚህ ልጆች፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ክፈቱ። ሰርች ኮንሶል ይባላል። የራሱ የጉግል ነው፣ ነፃ ነው። ዌብሳይቱ የእናንተ መሆኑን ካረጋገጣችሁለት በኋላ ሰዎች ምን ብለው ሲጽፉ ገጻችሁ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው ተጭኖ እንደገባ፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደወጣ ያሳያችኋል። የ16 ወር መረጃ ይይዝላችኋል። ዛሬ ካላስመዘገባችሁ ግን ያለፈውን አታገኙትም፣ ስለዚህ ሳይቱ በተከፈተ ዕለት አስመዝግቡት።

ምን እንደሚጠቅም በአንድ ሰው ላሳያችሁ። በጀልባ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ አንድ ወንድሜ አለ። ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠን የእሱን ሰርች ኮንሶል በስልኬ ከፈትኩለት። የፊት ገጹ ላይ የጻፈው "እንኳን ደህና መጡ፣ ምርጥና አስተማማኝ አገልግሎት እንሰጣለን" የሚል ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ሰው የጻፈው ሌላ ነው። ጢስ ዓባይ አሁን ውሃ አለው ወይ? ሴት የጣናን ገዳማት መጎብኘት ትችላለች ወይ? ዘጌ በጀልባ ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንዱንም ገጹ ላይ አልመለሰውም። ገጹ እየታየ ተጭኖ የሚገባ የለም፣ ምክንያቱም ሰው መልሱን አያይበትም። ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎኝ ወደ ታች ወደ ላይ እያደረገ ቆየና "ይህንኮ እኔ በየቀኑ ለእንግዳ በአፌ ነው የምነግረው" አለ።

የሚነግረውን ጻፈው። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይቀጥናል፣ ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ ሲያገባድድ ነው ብሎ እቅጩን ጻፈ። በየወሩም እዚያው ቆሞ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ይጨምርበታል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ወንዱም ሴቱም ይገባል ብሎ ለብቻው ገጽ አደረገለት። አንድም ሊንክ አልገዛም። አምስት ወር አካባቢ ሲሆነው ጥሪ ይመጣለት ጀመር፤ "አሁን ውሃ የለም ብለህ እውነቱን ስለጻፍክ ነው የደወልኩልህ" ያለው ቱሪስትም ነበር።

የእኛ አገር የቅኔ አገር ነውና በዚያ ላስረዳ። ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው ሰሙን ነው። "ባሕር ዳር ሆቴል" ብሎ የጻፈው ሰው ወርቁ ምናልባት ሐይቁ የሚታይበት ክፍል ለሁለት ሌሊት ስንት ነው የሚለው ይሆናል። መሣሪያው ሰሙን ይሰጣችኋል። ወርቁን የምታገኙት ከደንበኛው ጋር አውርታችሁ፣ ስልክ አንስታችሁ ነው።

በአማርኛ ለምትሠሩ ደግሞ ማንም የውጭ ባለሙያ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ፊደላችን። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር፤ ጢስ ዓባይ፣ ጢስ አባይ፣ ጭስ አባይ። ሰው እንደ እጁ ነው የሚጽፈው። ሁሉንም አጻጻፍ አንድ ገጽ ላይ መደርደር ግን ስህተት ነው፣ ለአንባቢም ያስጠላል። ሰርች ኮንሶል ላይ የእናንተ ሰዎች የትኛውን እንደሚያዘወትሩ እዩ፣ ርዕሱ ላይ እሱን ተጠቀሙ። ሌላው ደግሞ በፖስተር የሚጻፈው ነገር ነው። ዋጋውም፣ አድራሻውም፣ ስልኩም በአንድ የሚያምር ምስል ላይ ይሠራና ያ ምስል ዌብሳይት ላይ ይለጠፋል። ለቴሌግራም ጥሩ ነው። ሰርች ኢንጂን፣ ማለትም እንደ ጉግል ያለ መፈለጊያ፣ ግን በዋናነት የሚያነበው ጽሑፍ ነው፣ ስለዚህ የጻፋችሁትን ሁሉ በጽሑፍ ድገሙት። በድሮ ፎንት የተጻፈ ዶክመንት ካላችሁም ኮፒ አድርጋችሁ አትለጥፉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ቢሮዎቻችን በሌላ ዘዴ ሲጽፉ ስለነበር የተለጠፈው ሁሉ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። እንደገና መጻፍ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

እንጅባራ ውስጥ የቀርከሃ ዕቃ የሚሠሩ ቤተሰቦች ያሏት ልጅ "ስምንት ወር ሆነኝ፣ ጉግል ላይ ጭራሽ የለሁም" ብላ መጣች። ላፕቶፗን ከፍተን የገጿን አድራሻ ሰርች ኮንሶል ላይ ስናስገባ ጉግል ላይ የለም አለን፤ ምክንያቱንም ጻፈው፣ ገጹ ራሱ እንዳይመዘገብ ከልክሏል። ሳይቷ የተሠራበት ዎርድፕረስ የሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ላይ፣ ንባብ የሚለው ማስተካከያ ውስጥ፣ ሰርች ኢንጂኖች ይህን ሳይት እንዳይመዘግቡ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ሳይቱን የሠራላት ልጅ ሥራ ላይ እያለ ምልክት አድርጎባት ረስቷታል። ምልክቱን አነሳን፣ ሳይትማፑን (የገጾቹን ዝርዝር) ለጉግል አስገባን፣ አለቀ። ለማስተዋወቂያ ልትከፍል ያዘጋጀችውን ብር ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ዌብሳይት ሠርታችሁ ለሰው የምታስረክቡ ልጆች፣ ይህችን ሳጥን ሳታዩ እባካችሁ አታስረክቡ።

ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ጋራዥ ያላችሁ ከዌብሳይቱም በፊት ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ያስፈልጋችኋል። ካርታው ላይ የምትወጡት በእሱ ነው። ነፃ ነው፣ ለማስመዝገብ ብር የሚጠይቃችሁን አትስሙ። ብዙ ጊዜ ማረጋገጫው በቪዲዮ ነው፤ ደጁን፣ ታፔላውን፣ ውስጡን በስልክ ቀርጻችሁ ትልካላችሁ። የሥራ ሰዓታችሁን በትክክል ሙሉ። በዓል ሲሆን ቀይሩት፣ ሰው ከመራዊ ድረስ ተነስቶ መጥቶ ዝግ ቤት እንዳያገኝ። አስተያየት ከእውነተኛ ደንበኛ ጠይቁ እንጂ አትግዙ።

ስለሚከፈልባቸው መሣሪያዎች ብዙ አልልም። የማንንም ሳይት ሊንክና ደረጃ የሚመረምሩት ኤችሬፍስና ሴምረሽ ጥሩ ናቸው፣ ዋና ዋና ጥቅሎቻቸው ግን በወር ከ100 ዶላር በላይ ናቸው፣ ስለ ሌላ ሰው ሳይት የሚሰጡት የጎብኚ ቁጥርም ግምት ነው። ደንበኛ ኖሯችሁ ከሥራው ገቢ የምትከፍሉት ከሆነ ግዙ፣ ለጀማሪ አያስፈልግም። ኤችሬፍስ ለራሳችሁ ሳይት በነፃ የሚያሳየው ክፍል አለው። ስክሪሚንግ ፍሮግም እስከ 500 አድራሻ በነፃ ይፈትሽላችኋል፣ የተሰበረ ሊንክ ለማግኘት እኔም እስካሁን የምጠቀመው እሱን ነው። ሌላው ሰርች ኢንጂን ቢንግም እንደ ሰርች ኮንሶል ያለ የራሱ ነፃ መሣሪያ አለው። ፍጥነቱን በፔጅስፒድ ኢንሳይትስ እዩ፤ ጉግል አሁን የሚያነበው የሞባይሉን ገጽ ነው፣ የእኛም ሰው የሚከፍተው በሞባይል ዳታ ነው፣ ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ፎቶ ዳታውን ይበላበታል።

ደግሞ አንድ ነገር፣ በቅርቡ የመጣ ነው። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ በአንድ ሌሊት 200 ጽሑፍ አውጥቼ ብጭንስ የሚሉኝ አሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ለደረጃ ሲባል ብቻ በጅምላ የሚመረቱ ገጾችን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል፣ በማሽንም ይጻፉ በሰው እጅ። በ2003 ዓ.ም. ሊንክ ስገዛ እኔም ሁሉም ያደርገዋል ነበር ያልኩት። እናንተ ያን ወጪና ያን ሐፍረት እንድታዩት አልፈልግም።

የደብረ ማርቆሱ ልጅ ትናንት ማታ መልሶ ደወለ። ሰርች ኮንሶል ድሮ አስመዝግቦት ኖሯል፣ ከፍቶት ግን አያውቅም። "አንደኛው መስመር ላይ ምን አለ?" አልኩት። "ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መኪና መነሻ ሰዓት ይላል ጋሼ" አለኝ። "ገጽህ ላይ ሰዓቱ አለ?" ዝም አለ። ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። "አሁኑኑ ልጻፈው" ብሎ ዘጋው።