የቲማቲም ዘር ለምን ሻገተብሽ?
በደንብ ሳይደርቅ ስለከደንሽው ነው። “አጥቤ ሁለት ቀን አድርቄ በብልቃጥ አስቀመጥኩት” ብለሻል፤ ሁለት ቀን አይበቃውም። ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የሻገተውን ጣይውና እንደገና ጀምሪ።

1. በደንብ የበሰለ ቲማቲም ቆርጠሽ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጭመቂው። ትንሽ ውሃ ጨምረሽ ሞቅ ባለ ቦታ ከ2 እስከ 3 ቀን ተይው። ይሸታል፣ ላዩም ነጭ ይሆናል። አትደንግጪ፣ ይሄኛው ሻጋታ ደግ ነው፤ ዘሩ እንዳይበቅል የሚይዘውን ዝልግልግ ያስለቅቃል። ብዙ ካቆየሽው ግን እዚያው ብርጭቆ ውስጥ መብቀል ሊጀምር ይችላል።

2. ውሃ እየለወጥሽ እጠቢው። ደህናው ዘር ይዘቅጣል፣ የሚንሳፈፈውን ድፊው።

3. ሳህን ላይ ስስ አድርገሽ በትኚው፤ ወረቀት ላይ ከሆነ ይጣበቅብሻል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይሁን፣ በቀን አንዴ በጣትሽ አገላብጪው። አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ይፈልጋል። አንዷን ፍሬ አጥፈሽ ሞክሪ፤ ቀጭ ብላ ካልተሰበረች ገና ነው።

ከዚያ በወረቀት ፖስታ አድርገሽ ዓይነቱንና ቀኑን ጻፊበት። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ 4 ዓመት ገደማ ይቆያል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ የገዛሽው ዘር ማሸጊያው ላይ “ኤፍ 1” ካለ ዲቃላ ነው፣ ልጁ እናቱን አይመስልም። እኔ ይህን ሳላውቅ በጣም ከወደድኩት ቲማቲም ዘር ይዤ አንድ መደብ ሙሉ ተከልኩ። ግማሹ እንደ ወይን ፍሬ ኮሰሰ፣ የቀረው ውሃ ውሃ አለኝ።