ፖድካስት ጠቁሙኝ ላልሽው እህቴ፦ ሰው የደከመበትን ስሚ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። «ከአያት ሜክሲኮ በባቡር እመላለሳለሁ፣ አነቃቂ ንግግር ሰልችቶኛል፣ አማርኛም እንግሊዝኛም ይሁን የምትወዱትን ፖድካስት ጠቁሙኝ፣ እንግሊዝኛዬንም ማሻሻል እፈልጋለሁ፣ ለ9 ዓመት ልጄ የሚሆን ካለም ጨምሩልኝ» ነው ያልሽው። እስካሁን የተሰጡሽ መልሶች ስም ብቻ ናቸው። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሰማ ማንም አልነገረሽም። እኔ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እጄ ሥራ ላይ ሲውል ጆሮዬ ነፃ ነው። ቁልፍ ስተክል፣ ጠርዝ ስዘመዝም፣ የድሮ ስፌት ስተረትር አንድ ነገር እሰማለሁ። ጨርቅ ስለካና ስቆርጥ ብቻ ዘግቼው እሠራለሁ፣ ምክንያቱም ጥሩ ታሪክ እየሰሙ ሳንቲሜትር መቁጠር አይቻልም። በዚህ ሁኔታ ለዓመታት ስሰማ ቆይቼ አንድ መምረጫ ይዣለሁ፦ ማይኩ ከመከፈቱ በፊት ሰው ደክሞበታል ወይ? አንብቦ፣ ጽፎ፣ ሰው ጠይቆ፣ የማያስፈልገውን ቆርጦ ነው ወይስ ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ነው? አሥር ደቂቃ ሰምተሽ ታውቂዋለሽ።

አሁን እኛ ጋ ፖድካስት የሚባለው አብዛኛው ሁለት ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚያወራበት ቪዲዮ ነው። ጥሩ ጥሩዎች አሉት፣ አልክድም። ግን ብዙ ጊዜ እንግዳው «ከምንም ተነስቼ እዚህ ደረስኩ» ሲል አቅራቢው ተገርሞ ያልፈዋል። የመጀመሪያውን ብር ከየት አገኘኸው? ስንት ሰው ከሥራ ቀንሰህ ነው ያተረፍከው? ሲከስር ማን ደገፈህ? የሚል የለም። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ምክንያቱም የሚሰማው ልጅ ያለውን ይዞ ወደ ንግድ የሚገባው ያንን ሰምቶ ነው። የሰለቸሽ አነቃቂ ንግግሩ ብቻ አይመስለኝም፣ ጥያቄ የሌለው ወሬም ጭምር ነው። ስለዚህ አቅራቢው ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቃል ወይ ብለሽ ስሚ። የመጀመሪያውን ማንም ይጠይቃል።

አማርኛውን ልጀምር። እኔ በጣም የምወዳቸው ከሬዲዮ የመጡ ናቸው። አንደኛው የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «መቆያ» ነው፣ እሸቴ አሰፋ የሚያቀርበው። የዓለም ታሪክ፣ ሰላዮች፣ ጦርነት፣ የታላላቅ ሰዎች ሕይወት፣ ከባድ ወንጀሎች፣ ሁሉም አለበት። አይጮህም፣ አይቸኩልም። ተጽፎ የተዘጋጀ መሆኑ ከዓረፍተ ነገሩ ይታወቃል፣ መቼ ዝም እንደሚል ያውቃል። በዩቲዩብና በቴሌግራም ብዙ ክፍል ታገኛለሽ። አንድ ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች ስለሚሄድ ከክፍል አንድ መጀመርሽን አረጋግጪ፣ ሰው ቆራርጦ የሚለጥፈው ብዙ ነው። ለባቡር መንገድ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ሁለተኛው እዚያው ሸገር ላይ መዓዛ ብሩ ከእንግዶቿ ጋር የምታደርገው ጨዋታ ነው። ቅድም ስለ ሁለት ሰው ወሬ ያማረርኩት እኔው ነኝ፣ ይሄም የሁለት ሰው ወሬ ነው፣ ግን ልዩነቱን ራስሽ ትሰሚዋለሽ። ስለ እንግዳው አውቃ ነው የምትቀመጠው። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ጊዜ ትሰጣቸዋለች፣ ሰውየው ወደ ልጅነት ሰፈሩ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ መጀመሪያ ሥራው ሲመለስ አታቋርጠውም። ግን ደግሞ ሊያልፈው ወደፈለገው ነገር ቀስ ብላ ትመልሰዋለች። ከአንድ እንግዳ ጋር ለብዙ ሳምንት የሚቀጥል አለ። ጠዋት ተቸኩሎ የሚሰማ አይደለም፣ እሁድ ልብስ ስታጥቢ ወይም ሽሮ ስታበስይ ነው የሚጥመው።

ትረካ ከወደድሽ «ሸገር ሼልፍ» አለ፣ መጻሕፍት ይተረኩበታል። ከዚያ ግን ወደ ኋላ ሂጂና ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ፈልጊ። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ ብለሽ አትለፊው። አንድ ሰው በድምፁ ብቻ ፊታውራሪውንም፣ አገልጋዩንም፣ ሽማግሌውንም ሲሆን ትሰሚያለሽ። ቅጂው አሮጌ ነው፣ ይንሿሿል፣ ለጥሩ ድምፅ ግን ስቱዲዮ ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል። እኔ የማንንም አዲስ ተራኪ ችሎታ የምለካው በሱ ነው፣ ምናልባት ይከብዳቸው ይሆናል።

ዜና ነክ ከፈለግሽ ከጀርመን ቦን የሚተላለፈው የዶቼ ቬለ አማርኛ ክፍል አለ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ ያለ ጣቢያ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ ናቸው። ዝግጅቶቹ እየተነጠሉ ድረ ገጹ ላይ ስለሚቀመጡ የምትፈልጊውን ብቻ ማውረድ ትችያለሽ። የነጋሽ መሐመድ «ማኅደረ ዜና» ሰኞ ሰኞ ነው፣ የአንድን የዓለም ጉዳይ ከሥሩ አንስቶ ነው የሚያመጣልሽ፣ አማርኛውም ለብቻው ይሰማል። አውስትራሊያ ዘመድ ካለሽ ደግሞ የኤስቢኤስ አማርኛን ንገሪያቸው፣ አዲስ ለገባ ሰው ስለ ኪራይ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሥራ ሕግ በአማርኛ ያስረዳሉ።

ወደ እንግሊዝኛው ልለፍ። ለማሻሻል ነው ስላልሽ በቀጥታ ወደ ከባዱ አትግቢ። የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ስሙ እንደሚለው ስድስት ደቂቃ ነው፣ ሁለት ሰዎች አንድ ርዕስ አንስተው ስድስት አዳዲስ ቃላት ያስረዱሻል፣ ጽሑፉም ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ አለ። እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሳላይ እሰማለሁ። ቀጥሎ ጽሑፉን እያየሁ እሰማለሁ። ከዚያ ሥራ ላይ ሆኜ ሳላይ እደግመዋለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ አብሬ እያልኩ። ለውጥ ያመጣልኝ ሦስተኛው ነው። ባቡር ውስጥ ድምፅ ማውጣት ካፈርሽ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ።

ይሄ ሲቀልሽ ወደ «ዲስ አሜሪካን ላይፍ» እለፊ። ከ1995 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ሬዲዮ ዝግጅት ነው፣ አይራ ግላስ ያቀርበዋል፣ የተራ ሰዎች ታሪክ ነው። የእያንዳንዱ ዝግጅት ሙሉ ጽሑፍ ድረ ገጹ ላይ ስላለ ያመለጠሽን ዓረፍተ ነገር ሄደሽ ታገኚዋለሽ። ፍጥነቱን 0.8 አድርጊው፣ ማንም አያይሽም።

አሁን ከሁሉም ወደምወደው ልምጣ። «ሰርቲን ሚኒትስ ቱ ዘ ሙን» ይባላል፣ የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ ሥራ ነው፣ በ2019 የወጣ፣ ኬቨን ፎንግ የሚባል ሐኪም ነው የሚያቀርበው። አፖሎ 11 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ለማረፍ መውረድ ከጀመረችበት እስከ ነካችበት ያሉት 13 ደቂቃዎች ናቸው ርዕሱ። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አረፉ። ሆኖም ስሰማው መርፌ ይዤ ቀርቼ ነበር። እየወረዱ እያለ ኮምፒውተሩ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። መንኮራኩሯ ውስጥ ያለው አርምስትሮንግ ምን እንደሆነ ንገሩኝ ይላል። ሂዩስተን፣ ምድር ላይ ባለው መቆጣጠሪያ ጣቢያ፣ ኃላፊነቱን የያዘው ልጅ ስቲቭ ቤልስ 26 ዓመቱ ነው። ከኋላ ክፍል ሆኖ ችግር የለውም፣ ይቀጥሉ ያለው ጃክ ጋርማን ደግሞ 24። ልብ በይ፣ 24! እንዴት አወቀ? ከጉዞው ጥቂት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ማረፉን ያለምክንያት አቋርጠውት ነበር። አለቃቸው ጂን ክራንዝ ሁሉንም የማስጠንቀቂያ ቁጥር አጥኑ ብሎ አዘዘ። ጋርማን ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ ይዞት ነበር። ፖድካስቱ የነዚያን ሰዎች ድምፅ፣ ሸምግለው ሲያወሩም በዚያ ቀን ሲያወሩም፣ አንድ ላይ ያሰማሻል። ማረፉን ለሚያሰማው ክፍል የሚያስፈልግሽን ቃል ሁሉ ከፊት ባሉት ክፍሎች ስላስተማሩሽ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ያለ ምንም ማብራሪያ ሙሉውን 13 ደቂቃ እየተረዳሽ ትሰሚዋለሽ። አነቃቂ የሚባል ነገር ካለ ለኔ ይሄ ነው። ማንም «ትችላለህ» አይልሽም፣ ሰዎች ተዘጋጅተው ሲሠሩ ብቻ ትሰሚያለሽ። ሁለተኛው ወቅት (ሲዝን) ስለ አፖሎ 13 ነው፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን በመጀመሪያው ጀምሪ።

«ናይንቲ ናይን ፐርሰንት ኢንቪዝብል» ሌላው ነው፣ ሮማን ማርስ ከ2010 ጀምሮ የሚያቀርበው፣ በየቀኑ አይተን ስለማናስተውላቸው የተሠሩ ነገሮች። አንድ ክፍል የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሠራው ዝቅ ያለ መግቢያ ነው። በካሊፎርኒያ በርክሌይ አካል ጉዳተኞች ታግለው ያመጡት ነገር መሆኑን፣ ቀጥሎ ደግሞ የልጅ ጋሪ የሚገፋውም ዕቃ የሚጎትተውም እንደተጠቀመበት ያስረዳል። ይሄን ከሰማሁ በኋላ ከተማችን ውስጥ አዲስ የእግረኛ መንገድ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ጠርዙ ላይ ነው።

ከበድ ያለ ዕውቀት ስትፈልጊ የቢቢሲ «ኢን አወር ታይም» አለ። ከ1998 ጀምሮ ነው። ሜልቪን ብራግ እስከ 2025 አቀረበው። በአንድ ርዕስ ላይ ሦስት ምሁራን ይጋብዛሉ፣ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ፣ ቀልድ የለም፣ ማስታወቂያ መሰል ወሬ የለም። አንዳንዱ ክፍል ይደርቃል፣ ርዕሱ ካልጣመሽ ዝለይው። ስለ አፍሪካ ቀንድ ፖለቲካ ደግሞ ግጭቶችን የሚያጠናው የክራይሲስ ግሩፕ ድርጅት «ዘ ሆርን» አለ፣ የኛን ሰፈር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው የሚያወሩበት። ሁሌ አትስማሚም፣ ግን ከፌስቡክ ጩኸት ይሻላል።

ስለ ወንጀል ታሪክ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሁለት ሦስት ሰው «ሲሪያል»ን ጠቁሞሻል። የ2014 የመጀመሪያው ወቅት እውነትም ጥሩ ሥራ ነው፣ ሣራ ኬኒግ ናት ያቀረበችው፣ በ1999 ባልቲሞር ስለተገደለች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። በግድያው የተፈረደበት አድናን ሰይድ በ2022 ተፈታ፣ ፍርዱ ተሻረ፣ በ2023 ፍርዱ ተመለሰ፣ በ2025 ደግሞ ጥፋተኝነቱ እንደጸና የታሰረበት ዘመን ይበቃዋል ተብሎ ነፃ ሆኖ ቀረ። ስትሰሚው ይሄን አውቀሽ ስሚ፣ ታሪኩ ፖድካስቱ ላይ አላለቀም። ደግሞ የሟቿ ቤተሰብ አለ። ሔ ሚን ሊ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ለሰሚው እንቆቅልሽ ሆና ስትቀር ለእናቷ ግን ልጇ ናት። ይሄን አስቤ ከዚያ ወዲህ የወጡትን አብዛኞቹን የወንጀል ፖድካስቶች ትቻለሁ። በተለይ እየሳቁ ስለ ግድያ የሚያወሩትን በጭራሽ አልሰማም።

ስለ ዳታ። ዩቲዩብ ላይ የምትሰሚ ከሆነ ብርሽን ለምስል ነው የምትከፍይው፣ ስክሪኑም ክፍት ሆኖ ባትሪሽን ይጨርሳል። አንድ ሰዓት ንግግር በ64 ኪሎቢት የድምፅ ጥራት ሲቀረጽ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ128 ደግሞ እጥፉ። ቪዲዮው በመቶዎች ሜጋባይት ይሄዳል። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ «አንቴናፖድ» የሚባል አፕ አለ፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ መመዝገብ አይጠይቅም። በዋይፋይ ብቻ አውርድ ብለሽ ታዢዋለሽ፣ ቢሮ ሆነሽ ያወርድልሻል፣ መንገድ ላይ ያለ ኔትወርክ ትሰሚያለሽ። የአማርኛዎቹን ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አታገኚም፣ ቴሌግራም ላይ በድምፅ ፋይል ፈልጊ። ከባቡር ወርደሽ መንገድ ስትሻገሪ ደግሞ አንዱን ጆሮ ክፍት አድርጊ። እባክሽ።

ለልጅሽ «ብሬንስ ኦን» የሚባለውን ሞክሪ፣ ከአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ የመጣ ነው። ልጆች ራሳቸው የሳይንስ ጥያቄ ይልካሉ፣ ከአቅራቢዋ ጋርም ልጅ አብሮ ያቀርባል። «ዋው ኢን ዘ ወርልድ»ም አለ፣ እሱ ጩኸትና ሳቅ ይበዛዋል፣ ልጆች ይወዱታል፣ ትልቅ ሰው ይደክመዋል። በአማርኛ ለልጅ ታስቦ የተዘጋጀ ጥሩ ፖድካስት ፈልጌ እስካሁን የሚያረካኝ አላገኘሁም፣ ይሄ በጣም ይቆጨኛል። ያለን የአባባ ተስፋዬ ተረቶች ናቸው፣ ለቴሌቪዥን የተሠሩ ቢሆኑም ምስሉን ሳያይ ቢሰማቸውም ይገቡታል። እዚህ ግሩፕ ውስጥ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ የምታውቁት ካለ ወይም ራሳችሁ የምትሠሩ ካላችሁ ከሥር ጻፉልን፣ እኔም ለእህቴ ልጆች እፈልገዋለሁ። እንግሊዝኛውን ስታሰሚው ግን ስልኩን ሰጥተሽው አትሂጂ፣ አብረሽ ስሚና ያልገባው ቦታ ላይ እያቆምሽ በአማርኛ አስረጂው።