መልስ፦ በአንድ ሳምንት አምስቱንም የዩታ ፓርኮች በቫን ማዳረስ ይቻላል?

ወንድሜ፣ "ከባለቤቴ ጋር ቫን ተከራይተን በሰባት ቀን አምስቱንም የአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ብሔራዊ ፓርኮች እናዳርሳለን ወይ?" ላልከው፣ ይቻላል። ግን ከፓርኩ ይልቅ አስፋልቱን ነው የምታዩት።

ሁለቱን፣ ቢበዛ ሦስቱን ያዙ። ከዛየን እስከ ብራይስ ካንየን ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ካፒቶል ሪፍን ጨምሩ። አርችስና ካንየንላንድስ ግን ራቅ ብለው ሞአብ ከተማ አጠገብ ስለሆኑ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ።

ዛየን ላይ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ወደ ዋናው ሸለቆ የግል መኪና አይገባም ማለት ይቻላል። ቫኑን አቁማችሁ በነጻው አውቶቡስ ነው የምትሄዱት። በጠዋት ካልደረሳችሁ ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞሩ ትውላላችሁ።

የብራይስን ብርድ ደግሞ አትናቁት። የገደሉ አፋፍ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ በግንቦት እንኳ ሌሊቱ ውርጭ ሊሆን ይችላል። እኛ ብርዱን ፈርተን የቫኑን መስኮት ጥርቅም አድርገን ዘግተን ተኛን። ጠዋት ስንነሳ ጣሪያው በትንፋሻችን ረጥቦ ጠብ ጠብ ይላል። ብርድ ልብሱም በስብሷል። "ዝጊው" ያልኩት እኔ ስለነበርኩ ባለቤቴ ግማሽ ቀን አኮረፈችኝ፤ እውነቷን ነው። ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ተዉ። ይሙቀን ብላችሁ ግን ቫኑ ውስጥ የጋዝ ምድጃ እንዳታነዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ይገድላችኋል።

እዚያው ካደራችሁ ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ አፋፉ ላይ ቁሙ። ፀሐይዋ ስትወጣ ቀያዮቹ የድንጋይ ዓምዶች ከውስጣቸው የበራ ፋኖስ ይመስላሉ። ጃኬት አትርሱ።