ጭሱ ካርታው ላይ አለ፤ ደጃችን ላይ ግን የለም

ጥያቄ፦ የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከካናዳ የመጣው ጭስ አካባቢያችንን ከሸፈነ ወዲህ፣ እናቴ አስም ስላለባቸው የጭስ ትንበያ ካርታ ሳላይ ይዣቸው አልወጣም። ሆኖም ካርታው ጭስ እያሳየ አየሩ ንጹሕ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያሰላው እንዴት ነው? ልተማመንበትስ እችላለሁ?

መልስ፦ አስቀድመን ለእናትዎ ጤና እንመኛለን። ያስተዋሉት ልዩነት የግድ የትንበያው ስሕተት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በመደበኛ ሥራ ላይ ያዋለው የጭስ ሞዴል፣ በየሰዓቱ እየታደሰ ሁለት ዓይነት ካርታ ያወጣል፤ አንደኛው ከመሬት እስከ ላይኛው አየር ያለውን ጭስ በሙሉ ደምሮ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው የሚያሳየው በመሬት አጠገብ ያለውን፣ ማለትም የምንተነፍሰውን ብቻ ነው። በሦስትና በአራት ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያልፍ ጭስ ፀሐይን ያቀላል እንጂ እዚያው እስካለ ድረስ ሳንባችን ውስጥ አይገባም።

ስሌቱ የሚጀምረው ከሳተላይት ነው። ቪርስ የተባለው መሣሪያ መሬቱን በ375 ሜትር ክፍልፋዮች እየቃኘ የሚነድደውን ቦታ ይለያል፤ ከእሳቱ የሚፈልቀው የጨረር ኃይልም ምን ያህል ዕፅዋት እንደነደደና ምን ያህል ጭስ እንደወጣ ለመገመት ያስችላል። አስቸጋሪው ጭሱ የሚደርስበትን ከፍታ ማወቅ ነው። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ በዙሪያው ያለውን ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ ከአካባቢው አየር ጋር ሲመጣጠን መውጣቱን ያቆምና ወደ ጎን ይዘረጋል። በማገዶ ያበሰለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ደረቅ እንጨት ሲንቦገቦግ ጭሱ ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ እርጥቡ ሲጤስ ግን ቤቱን ሞልቶ ዓይን ያቃጥላል።

ሞዴሉ ምድሩን የሚከፋፍለው በ3 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የእሳቱ ግንባር ግን ከዚያ እጅግ የጠበበ ሊሆን ስለሚችል የጭሱን ዓምድ በቀጥታ ሊያሰላው አይችልም። ስለዚህ ብራዚላዊው ሳውሎ ፍሬይታስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ዘዴ መሠረት፣ እሳት ባለበት ክፍልፋይ ሁሉ የጭሱን አወጣጥ ብቻ የሚያሰላ ትንሽ ሞዴል ይገባበታል። ይህን ያህል የሚደከመው የነፋስ አቅጣጫና ፍጥነት በየከፍታው ስለሚለያይ ነው፤ ከፍታውን የሳተ ትንበያ ጭሱን ወደ ሌላ ከተማ ይወስደዋል። በጁን 2023 በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ አቅራቢያ የቆየ ዝቅተኛ የአየር ግፊት የኩዊቤክን ጭስ ወደ ደቡብ ነዳው፤ ጁን 7 የኒው ዮርክ ሰማይ ብርቱካናማ ሆነ፣ በማግስቱም የዋሽንግተን አየር በአየር ጥራት መለኪያው በሐምራዊ ቀለም ከሚመላከተው እጅግ ጎጂ ደረጃ ደረሰ።

ልተማመንበት ወይ ላሉት፣ በከፊል ይመኑት። ደመና እሳቱን ከሳተላይት ይሰውራል፤ የነገውን እሳትም ሞዴሉ በአብዛኛው የሚገምተው ካለፉት ሰዓታት በመነሣት ነው፤ ሰደድ እሳት ግን ነፋስ ሲነሣ በአንድ ከሰዓት መልኩ ይለወጣል። በእኛ አመለካከት ትንበያው የሚበጀው ነገን ለማቀድ ነው። ማታ በመሬት አጠገብ ያለውን ጭስ የሚያሳየውን ካርታ ይመልከቱ፤ ጠዋት እናትዎን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ፣ ኤርናው በተባለው የመንግሥት አገልግሎት ላይ ለቤትዎ ቅርብ የሆነው የመለኪያ ጣቢያ በዚያች ሰዓት የመዘገበውን ያንብቡ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ የጣቢያውን ይዘው ይወስኑ።