እንጉዳዬ ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ጥያቄ፦ «ከቦንጋ አካባቢ ነኝ። የጫካ እንጉዳይ ካንሰር የሚገድል ፕሮቲን አለው ሲባል ሰማሁ። ከጫካ አምጥቼ በጤፍ ጭድ ላይ ዘራሁት። አረንጓዴ ሆነና ሸተተ። ለገበያ አይደለም፣ ጥቂት ይበቃኛል። ቶሎ እንዲደርስልኝ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ «ለገበያ አይደለም» ብለሽ መልሰሽ «ቶሎ» ስትይ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያለ መሰለኝ። ከሆነ እግዜር ይማርልሽ። እንግዲያው ከፕሮቲኑ ልጀምር።

የሰማሽው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። እንጉዳይ ውስጥ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ኦይስተር ከሚባለው፣ በጭድ ላይ ከሚመረተው የሚበላ እንጉዳይ የወጣ አንድ ሌክቲን አይጦች ላይ ዕጢ እንዳያድግ ሲገታ ታይቷል። ግን ያ ፕሮቲን ተጣርቶና ተለክቶ የተሰጠ ነው። ድስት ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን እሳቱ ያበላሸዋል፣ የተረፈውንም ሆድ ሊፈጨው ይችላል። የመርዘኛ እንጉዳይ መርዝ ግን እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም። አማኒታ ከሚባሉት እንጉዳዮች አንዳንዶቹ ያላቸው ገዳይ መርዝ እንደ ቀለበት የተቋጠረ ትንሽዬ የፕሮቲን ቁራጭ ነው። መቀቀልም ማድረቅም አይፈታውም። ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ ጉበት ይጎዳል።

በየሄድኩበት «ቀቅዬ የመጀመሪያውን ውሃ ከደፋሁት መርዙ ይወጣል» ይሉኛል። እባካችሁ ይህን ተዉት። አያቶቻችሁ ለይተው የሚያውቁትን፣ ኩይሳ ላይ የሚበቅለውን፣ ብሉ። የማታውቁትን ግን ለጤነኛም ሆነ ለታማሚ አትስጡ።

አሁን ወደ ጭድሽ። አልጻፍሽውም እንጂ ጭዱን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ያራስሽው ይመስለኛል። አረንጓዴው ዱቄት ሻጋታ ነው። ጭዱ ውስጥ ቀድሞ ነበር፣ ውሃ ሲያገኝ እንጉዳዩን ቀደመው። መፍትሔው ሙቅ ውሃ ነው። አንድ በርሜልና ማገዶ ይበቃሻል።

የተበላሸውን ከቤት አርቀሽ ቅበሪው። አዲስና ደረቅ ጭድ በእህል ጆንያ አድርጊና ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። የማዳበሪያ ጆንያ አትጠቀሚ። ጠዋት በርሜል ውስጥ ከተሽ ድንጋይ ጫኚበት፣ ውሃው ይሸፍነው። ከዚያ እሳት። መፍላት የለበትም፤ እንፋሎቱ በደንብ ሲወጣ፣ ታቹ ላይ ትናንሽ አረፋ ሲታይ፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። በዚያ ሙቀት ሁለት ሰዓት ያዢው፣ እሳቱን እየቀነስሽ እየጨመርሽ። ጆንያውን ሰቅለሽ አንጠፍጥፊው። እፍኝ ጭድ ጨምቂ፦ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ ገና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፣ ከመጠን በላይ የራሰ ጭድ ደግሞ ይሸታል። ጭዱ ጨርሶ ሲቀዘቅዝ፣ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ዘሩን ቀላቅይ። ለ10 ኪሎ እርጥብ ጭድ ግማሽ ኪሎ ዘር።

ዘሩ ግን ከጫካ አይሁን። በማሽላ ወይም በስንዴ ላይ የተዘጋጀ ንጹህ የኦይስተር ዘር የት እንደሚገኝ የወረዳሽን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። በላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቀሽ ጎንና ጎኑ ላይ ቀዳዳ አብጂና ጨለም ያለ ክፍል አስቀምጪው። በሦስት ሳምንት አካባቢ ነጭ ይለብሳል። ያኔ ብርሃንና ንፋስ ስጪው፣ ዙሪያውን በቀን ሁለት ሦስቴ ውሃ እርጪ። ክረምት ላይ ከሆንሽ ርጭቱ ይቀልልሻል።

ሲደርስ ለታማሚው በደንብ አብስለሽ ስጪው። ምግብ ነው፣ ያበረታል፤ መድኃኒት ብለሽ ግን አትጠብቂበት። የሐኪም ቀጠሮውን አታዘግዪ፣ ጅማ ላክንህ ካሉትም ይሂድ። የሚበላውንም ለሐኪሙ ንገሩት።