መዶሻ ይዘህ ሂድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። አንድ ሰው ግቢው ውስጥ 7 ዓመት የቆመ ባለሸራ የፋይበርግላስ ጀልባ ሊሸጥልኝ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ምሰሶውም ሸራውም አብረውት አሉ። ሆዱ ላይ አንድ ስንጥቅ አለው። «ሌላው ደህና ነው፤ ስቱኮ ለጥፈህ ቀለም ብትቀባው ይሄዳል» ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል? ልግዛው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስንጥቁ አያስፈራህ። የሚያስፈራው «ሌላው ደህና ነው» ያለህ ነው። እኔም በዚችው ቃል ተሸውጃለሁ። ጀልባዬን ገዝቼ፣ አጥቤ፣ ቀለሙን ሁሉ መርጫለሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቆሜ ተረከዜ ሰመጠ። ከፈትኩት። ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ እንደ ተነከረ ድፎ ዳቦ በእጄ ተፈረፈረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይበሩ ራሱ አይበሰብስም። ግን ብዙ ጊዜ በውስጡ እንጨት ይኖራል፦ ወለሉ ሥር፣ ምሰሶው የሚቆምበት ቦታ፣ ሞተር የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ። ውኃ በአንዲት የላላች ቡሎን ቀዳዳ ይገባና መውጫ ያጣል። ከላይ ያምራል፣ ከውስጥ አልቋል።

ስለዚህ ትንሽ መዶሻ ያዝ። በብረቱ ሳይሆን በእጀታው፣ በየመዳፍህ ስፋት እያንኳኳህ ሂድ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ጥሩ ነው። ካርቶን እንደመምታት ድፍን ካለብህ እዚያ ጋ በጠመኔ ክበብ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር አንተ ዝም ብለህ አንኳኳ። ምሰሶውን የሚወጥሩትን ሽቦዎችም እይ፤ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከወጣ ሽቦው ይቀየራል። ሸራው ላይ መጀመሪያ በፀሐይ የሚያልቀው ስፌቱ ነው። እሱን ድንኳን የሚሰፋ ሰው ያድስልሃል።

ስንጥቁ ላይ ስቱኮ እንዳታስነካ። ስቱኮ ለመኪና ነው፤ ውኃ ይጠጣል። ክረምቱ ወጥቶ ጀልባው በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ዙሪያውን በግራይንደር እያሳሳህ ሞርደው። ፋይበሩ 5 ሚሊሜትር ከወፈረ በየጎኑ 6 ሳንቲሜትር፣ ማለትም 12 እጥፍ። በዚያ ላይ የፋይበር ጨርቅ በሬዚን፣ ማለትም ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ እያራስክ ደርብ። ፓራውልት የሚጠግን ባትላሜራ ሥራውን ያውቀዋል፤ ግን «ይበቃል» ሲልህ አትመነው፣ እሱ የሚያስበው መኪና ነው። አፍንጫህን ሳትሸፍን እንዳትሞርድ። የመስታወት ብናኝ ነው።

ተራው ፖሊስተር ሬዚን ከሆነ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርድነር (ማጠንከሪያው) ይበቃዋል። ኢፖክሲ ከሆነ ግን ዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ንክች አታድርግ፤ ሃርድነር ስለጨመርክ አይፈጥንም፣ ይበላሻል እንጂ። ትንሽ ትንሽ በጥብጥ፣ በጠዋት፣ ጥላ ሥር። እኔ ቀትር ላይ አንድ ጆግ ሙሉ በጥብጬ ጆጉ እጄ ላይ ጨሰ።

እንግዲህ ዋጋው በጠመኔው ነው። አንድ ሁለት ክብ ብቻ ካገኘህ ተከራክረህ ግዛው። ምሰሶው ሥርም የኋላው ግድግዳም ድፍን ካለ፣ ምሰሶውንና ሸራውን ብቻ ይሽጥልህ። ከገዛኸው ደግሞ መጀመሪያ በጠዋት አውጣው፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ይነሳል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ልበስ፣ ጉማሬ ካለበት ሸምበቆ ራቅ።